ሐራራን የለኩት ሰው እና ሶፋ ያለባት ክፍል



የጠዋት ቡናው የቀረበት ሰው ከቀትር በኋላ ግንባሩን ይዞ ሲያፋሽግ እናቶቻችን ሐኪም አይጠሩም። «ሐራራው ነው፣ አንድ ስኒ ስጡት» ይላሉ። ይሰጠዋል፣ ራስ ምታቱም ይለቀዋል። እኛ በአቦልና በቶና የምናውቀውን ይህን ነገር በቤተ ሙከራ ቁጭ ብለው፣ ሰዓት ቆጥረው፣ በሚሊግራም የለኩት ሰው ፕሮፌሰር ሮላንድ ግሪፊትስ ይባላሉ። ከ1972 ጀምሮ ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሠርተዋል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጠራው)። ከላውራ ጁሊያኖ ጋር በ2004 ባሳተሙት ጥናት የቡና ሐራራ ቡናው ከቀረ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሚጀምር፣ ከ2 እስከ 9 ቀን ሊቆይ እንደሚችል፣ በቀን 100 ሚሊግራም ካፌይን ብቻ የሚወስድን ሰው እንኳ እንደማይምር አሳዩ። በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ሐራራን በይፋ መዝግቦታል።

ዛሬ የምናወሳቸው ግን በቡናው አይደለም። እኚሁ ሰው በኋላ የሳይኬዴሊክ ሕክምና የሚጠናበት ትልቅ ማዕከል መሥርተው መርተዋል። ማዕከሉ ያለው ከዚህ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ርቀት ላይ ነው። በዚህ አዳራሽ ካሉት ብዙዎቹ በሆስፒታል፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ፣ በሰው ቤት የሌላውን ሕመም ተሸክመው ያነጋሉ። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄ ለእናንተ እንግዳ አይሆንም፦ ሌላውን ከጨለማ የማውጣት ሥራ የያዘ ሰው የራሱን ወኔ ከየት ያመጣል?

መጀመሪያ ስለ ነገሩ ጥቂት እንበል። ሳይኬዴሊክ የሚባሉት የሰውን ስሜትና አስተውሎት ለሰዓታት በብርቱ የሚለውጡ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ኤልኤስዲ አንዱ ነው፤ ከአንዳንድ የእንጉዳይ ዓይነቶች የሚገኘው ሲሎሳይቢን ሌላው። ከሕክምናው ጋር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ዝግጅትና ክትትል ከሌለ መድኃኒቱ ብቻውን ሕክምና አይባልም። ስኪዞፍሬንያ ያለበት ወይም በቅርብ ዘመዱ ይህ ሕመም የታየ ሰው በጥናቶቹ እንዲገባ አይፈቀድለትም፤ ሊጎዳው ይችላልና።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግሪፊትስ በሙያቸው ስመ ጥር ነበሩ። ዝንጀሮዎች የትኛውን መድኃኒት ደጋግመው እንደሚሹ ያጠናሉ፤ የማስታገሻ መድኃኒቶችን ሱስ የማስያዝ ኃይል ይመዝናሉ፤ ጽሑፎቻቸው በታላላቅ መጽሔቶች ይወጣሉ። በ1994 ተመስጦ ጀመሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ከተቀመጡበት ሲነሡ የሚጠብቃቸው ሠንጠረዥና ቁጥር እየደበዘዘባቸው ሄደ። ሳይንሱን እርግፍ አድርገው ለመተው እስከማሰብ ደርሰው እንደነበር ኋላ ራሳቸው ተናግረዋል። ሥራ ሳይጎድልባቸው፣ ክብር ሳይጎድልባቸው፣ ለሥራው የነበራቸው ልብ ከዳቸው። ይህ የሚደርስበት ሰው ብዙ ነው፤ ደሞዙ ይገባል፣ አለቃውም ያመሰግነዋል፣ ሰውየው ግን ጠዋት መኪናውን አቁሞ ለመውረድ አቅም ያጣል።

የመለሳቸው አንድ ጥያቄ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ቦብ ጄሲ የሚባሉ፣ ከኮምፒውተር ኩባንያ ሥራ የወጡ ሰው ለረጅም ጊዜ የተዘጋው የሲሎሳይቢን ምርምር በጥብቅ ሳይንሳዊ መንገድ እንዲከፈት ይወተውቱ ነበር። ከግሪፊትስ ጋር ተገናኙ። ግሪፊትስ በተመስጦ ያዩት ነገርና በቤተ ሙከራ የሚያውቁት ነገር የሚገናኙበት በር ይኖር ይሆን? መልሱን አያውቁትም ነበር። ባለማወቃቸውም ሥራው እንደገና ጣማቸው።

ይህን በር ለማንኳኳት ግን ቀድሞ በቤቱ ውስጥ የኖረ ሰው ያስፈልግ ነበር። ዶክተር ቢል ሪቻርድስ እሳቸው ናቸው። የእኚህን ሰው ታሪክ ጊዜ ወስደን ብናየው ይገባዋል።

በ1963 ሪቻርድስ በጀርመን አገር በጎቲንገን ከተማ ነገረ መለኮት የሚማሩ የ23 ዓመት ወጣት ነበሩ። ሐንስካርል ሎይነር የሚባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም ለሲሎሳይቢን ምርምር ፈቃደኞች ሲፈልጉ ቀረቡ። ያስገቧቸው ጌጥ የሌለው የምድር ቤት ክፍል ነበር። ብዙ ዝግጅትም፣ አጠገባቸው የሚቀመጥ አጃቢም አልነበረም። ከዚያ ክፍል ይዘውት የወጡት ነገር የዕድሜ ልክ ሥራቸውን ወሰነ። ወደ አሜሪካ ተመልሰው በ1960ዎቹ መጨረሻ ከባልቲሞር ወጣ ብሎ በሚገኘው ስፕሪንግ ግሮቭ የአእምሮ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። በዚያ የመጠጥ ሱስ ያሸነፋቸው ሰዎችና ሞት የቀረባቸው የካንሰር ሕመምተኞች በኤልኤስዲና በመሰል ንጥረ ነገሮች ታግዘው ይታከሙ ነበር። ምርምሩ ከሆስፒታሉ ቅጥር ውስጥ የራሱ ተቋም እስከመገንባት ደርሶ ነበር።

በ1970 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ሳይኬዴሊኮችን «የሕክምና ጥቅም የላቸውም» ከተባሉት ምድብ ውስጥ አስገባቸው። የምርምር ገንዘብ ነጠፈ፤ ባልደረቦች ተበተኑ። የስፕሪንግ ግሮቩ ምርምር ዋና ሰው የነበሩት ሐኪም ዋልተር ፓንኪ በ1971 በሜይን ግዛት ባሕር ውስጥ ሲጠልቁ ሞቱ። ሪቻርድስ በ1977 አንድ የመጨረሻ ታካሚ አጅበው ሥራው ተዘጋ። በዚያ ተቋም ለታካሚ ሲሎሳይቢን የሰጡት የመጨረሻው ሰው እሳቸው ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ጠበቁ? 22 ዓመት። በባልቲሞር የራሳቸውን የሥነ ልቦና ምክር ቢሮ ከፍተው ሰው ሲያዳምጡ ኖሩ። ሌሎች በድብቅ ሠርተዋል፤ ሌሎች ተማርረው ጉዳዩን ጨርሰው ትተዋል። ሪቻርድስ ሁለቱንም አላደረጉም። አንድ አናጢ መጋዙና መዶሻው ሁሉ ተወስዶበት በእጁ እንጨት እየዳሰሰ ሙያውን ሳይረሳ ቢቆይ እንዲህ ይመስላል። በ1999 ግሪፊትስና ሪቻርድስ በሆፕኪንስ ሥራውን ሲያቅዱ፣ ሰውን ለእንዲህ ያለ ቀን እንዴት እንደሚያዘጋጁት፣ ሲፈራ ምን እንደሚሉት፣ መቼ ዝም እንደሚሉ የሚያውቁ እጆች በሥፍራው ተገኙ።

አሁን ሥራው ወደሚካሄድባት ክፍል እንግባ። ሆስፒታል አትመስልም። ሶፋ አለ፣ ምንጣፍ አለ፣ ለስለስ ያለ መብራትና በመደርደሪያ ላይ ጥቂት ጌጣጌጥ አለ። ፈቃደኛው ከዚያች ቀን በፊት ከአጃቢዎቹ ጋር በተለያዩ ቀናት ወደ 8 ሰዓት ያህል አውርቶ፣ ሕይወቱን ተርኮ፣ ሰዎቹን አምኗቸዋል። ጠዋት እንክብሉ በትንሽ ጽዋ ይቀርብለታል። ይውጣል፣ ሶፋው ላይ ይጋደማል፣ ዓይኑን ይሸፍናል፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ያደርጋል። ሪቻርድስ የመረጡት ሙዚቃ ከባክና ከብራምስ ተነሥቶ ለሰዓታት ይዘልቃል፤ ወደ ማምሻው ሰውየው ወደ ራሱ ሲመለስ የሉዊ አርምስትሮንግ ሻካራ ድምፅ ይቀበለዋል።

ሁለቱ አጃቢዎች በእነዚህ ሰዓታት ምን ይሠራሉ? አብዛኛውን ጊዜ ምንም። ውኃ ያቀብላሉ። መጸዳጃ ቤት ይደግፉታል። እጁን ሲዘረጋ እጃቸውን ይሰጡታል። ሰውየው ያለቅስ ይሆናል፣ ይስቅ ይሆናል፣ ለሰዓታት ድምፅ ላያሰማም ይችላል። የሚያየውን የሚያየው እሱ ብቻ ነው። አጃቢዎቹ የሚያዩት ሶፋ ላይ የተጋደመ ሰው ነው።

የእንዲህ ያለ ማዕከል ሥራ አድካሚነት እዚህ ላይ ይገለጣል። ከውጭ ሲያዩት በየቀኑ ተአምር የሚታይበት ቤት ይመስላል። ውስጡ ያለ ሰው ግን የቀን ተቀን ሥራው መጠበቅ ነው፣ ቅጽ መሙላት ነው፣ የደም ግፊት መለካት ነው፣ እንክብሉ የተቆለፈበትን ካዝና መቁጠር ነው፣ ለጥናቱ የማይመጥን ተስፈኛን በስልክ «አይሆንም» ማለት ነው። ያ ስልክ ከሁሉም ይከብዳል። በድባቴ ዓመታት የማቀቀ ሰው የመጨረሻ ተስፋዬ ነው ብሎ ይደውላል፤ መስፈርቱን ባለማሟላቱ ይመለሳል። የማዕከሉ ሠራተኛ ስልኩን ዘግቶ ወደሚቀጥለው ይደውላል።

ታዲያ ወኔው ከየት መጣ? ግሪፊትስ ጥናቱን ሲያቅዱ ለሳይንሱ ሲሉ ያስገቡት አንድ ነገር፣ በግምት ሠራተኞቹንም የመገበው ይመስላል፦ ቀጠሮው። በ2006 የታተመው የመጀመሪያው ትልቅ ጥናታቸው 36 ፈቃደኞች ነበሩት። ከሁለት ወር በኋላ ተጠርተው ሲጠየቁ 67 በመቶው ያንን ቀን በሕይወታቸው ከገጠሟቸው አምስት ታላላቅ ነገሮች መካከል ቆጠሩት፤ ከልጅ መወለድና ከወላጅ ሞት ጋር ያነጻጸሩት ነበሩ። ከ14 ወር በኋላ እንደገና ተጠሩ። 58 በመቶው አሁንም ያንኑ አሉ። ሶፋው ላይ ተጋድሞ የነበረ ሰው ከአንድ ዓመት በኋላ በሩን ከፍቶ ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ኑሮው እንዴት እንደሆነ ይናገራል። የአስታማሚ ልብ የሚጠገነው በዚያ ቀን ነው። አብዛኞቻችን የረዳነው በሽተኛ ከሆስፒታሉ በር ከወጣ በኋላ ምን እንደሆነ ሳናውቅ እንቀራለን። እነሱ ግን የማወቅ ግዴታን ከሥራው ጋር ሰፍተውታል።

በዚያው ጥናት ከ36ቱ 11ዱ በዚያ ቀን በሆነ ወቅት ብርቱ ፍርሃት እንደያዛቸው መዝግበዋል። ይህንም አልደበቁትም። ሰው ሲፈራ እጁን ይዞ የሚቀመጥ አጃቢ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። ወኔው በመልካም ዜና ብቻ የሚቆም ቢሆን ኖሮ ያ አሥራ አንድ ባፈረሰው ነበር።

ከዚያ ሥራው ሰፋ። በ2016 ከ51 የካንሰር ሕመምተኞች ጋር የተሠራው ጥናት ታተመ፤ ከስድስት ወር በኋላ 80 በመቶ ያህሉ በድባቴና በጭንቀት ረገድ ጉልህ መሻሻል አሳይተው ነበር። በ2019 በ17 ሚሊዮን ዶላር የግለሰቦች ስጦታ የሆፕኪንስ የሳይኬዴሊክና የንቃተ ህሊና ምርምር ማዕከል ተቋቋመ፤ ግሪፊትስ መሪው ሆኑ። በ2020 በ24 ሰዎች ላይ የተደረገው የድባቴ ጥናት ከአራት ሳምንት በኋላ 54 በመቶው ከድባቴው ነጻ እንደነበሩ አሳየ። ቁጥሮቹ ትንንሽ ናቸው፤ ተስፋውን ያህል ጥንቃቄም ይሻሉ።

እስካሁን ያየነው የዩኒቨርሲቲ ቤት ነው፤ ገንዘቡን በአብዛኛው ለጋሾች ይሸፍኑታል። ከዩኒቨርሲቲ ውጭ እንዲህ ያለ ማዕከል የከፈተ ሰው ግን ሌላ ተራራ አለበት። የኦሪገን ግዛት ሕዝብ በኖቬምበር 2020 ድምፅ ሰጥቶ ለአዋቂዎች በቁጥጥር ሥር ሲሎሳይቢን የሚሰጥበትን ሕግ አጸደቀ። ሐሳቡን ያመነጩት ባልና ሚስቱ ቶምና ሼሪ ኤከርት፣ ሁለቱም የሥነ ልቦና አማካሪዎች፣ ለዓመታት ለፍተውበት ነበር። ሼሪ ሕጉ በጸደቀ በወሩ ዐረፉ፤ በ2023 የመጀመሪያው ማዕከል በዩጂን ከተማ በሩን ሲከፍት ለማየት አልደረሱም።

በ2023 ማዕከል የከፈተ ሰው የሚከፍለው የፈቃድ ክፍያ ብቻ በዓመት 10,000 ዶላር ነበር። አጃቢውም የራሱን 2,000 ዶላር ይከፍል ነበር። ከሁሉ የሚመረው ግብሩ ነው፦ ሲሎሳይቢን በፌዴራል ሕግ አሁንም የተከለከለ በመሆኑ የቤት ኪራዩና የሠራተኛው ደሞዝ እንደማንኛውም ንግድ ወጪ ተብሎ አይቀነስለትም። ኢንሹራንስ አይከፍልም። ስለዚህ አንድ ቀን ከአንድ ሺሕ ዶላር በላይ፣ አንዳንድ ቦታ ሦስት ሺሕ ያስከፍላል፤ አብዝቶ የሚያስፈልገው ድሀው ደግሞ በሩ ላይ ይቀራል። ድሀን አገለግላለሁ ብሎ የከፈተ ሰው ማታ ማታ ሒሳብ ሲደምር ይህ ያንገበግበዋል። ከተከፈቱት ውስጥ የተዘጉም አሉ። ወኔ የኪራይ ቀን አያሳልፍም፤ ይህን መካድ ለማንም አይጠቅምም።

ሁለተኛው ፈተና ከውጭ የሚመጣ ጉጉት ነው። ለአሰቃቂ ገጠመኝ ሰለባዎች ኤምዲኤምኤ በሚባል ሌላ ንጥረ ነገር የታገዘው ሕክምና በ2021 በወጣው ትልቅ ጥናት 67 በመቶውን ከሕመሙ ደረጃ እንዳወጣቸው ተዘገበ፤ ማስመሰያ መድኃኒት ከተሰጣቸው ደግሞ 32 በመቶውን። ብዙዎች ፈቃዱ ነገ ይወጣል አሉ። በኦገስት 2024 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ጥያቄውን አልተቀበለም፤ ተጨማሪ ጥናት አዘዘ። አመልካቹ ኩባንያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሠራተኞቹ 75 በመቶውን እንደሚያሰናብት አስታወቀ። ቀደም ባለ አንድ ሙከራ ላይ ሁለት ቴራፒስቶች በታካሚ ላይ የፈጸሙት የሥነ ምግባር ጥሰትም በጊዜው መታረም ሲገባው ቆይቶ ወጥቶ ነበር። በመድኃኒት ኃይል ልቡ ተከፍቶ የተጋደመ ሰው እንደ ሕፃን በአጃቢው እጅ ነው። ለሥራው ያለ ፍቅር ይህን ካላስጠነቀቀ ፍቅር አይደለም።

የግሪፊትስ ስምም ከወቀሳ አላመለጠም። ከሞቱ በኋላ አንድ የቀድሞ ባልደረባቸው፣ የግሪፊትስ የግል መንፈሳዊ ፍላጎት ወደ ጥናቱ ክፍል ዘልቆ ይገባ ነበር ሲሉ በይፋ ወቀሱ። ወቀሳው ተገቢ ነው ያሉም፣ ተጋንኗል ያሉም አሉ። ጉዳዩ ግን መሠረታዊ ነው፦ ሰውየውን ከተስፋ መቁረጥ ያዳነው ያው እሳት ሳይጠበቅ ቢቀር የታካሚውን ቃል ሊያቀልጥ ይችላል። ታካሚው ያየውን ይናገር ዘንድ ማዕከሉ ማየት የሚፈልገውን በልቡ መያዝ አለበት። ግሪፊትስ ራሳቸው በሚሰጡት ንግግር አማኝ ከመሆን ጠያቂ መሆን እንደሚበልጥባቸው አዘውትረው ይናገሩ ነበር፤ እስከየት ተሳካላቸው የሚለው ገና ክርክር ላይ ነው።

በኖቬምበር 2021 ግሪፊትስ ለመደበኛ የአንጀት ምርመራ ሄዱ። የተገኘው አራተኛ ደረጃ የደረሰ ካንሰር ነበር። ቀደም ብለው ያጠኗቸው ሕመምተኞች የተጋደሙበት ሶፋ አሁን የእሳቸው ዕጣ ሆነ። በመጀመሪያ ቀናት ቁጣም ድንጋጤም እንደሞከራቸው፣ ከዚያ ግን ለቀረው ቀን ማመስገንን እንደመረጡ ለጋዜጠኞች ነገሩ። ሳይኬዴሊክ ለመውሰድ እንኳ አመንትተው ነበር፤ የያዙትን ሰላም እንዳይነካባቸው። በኋላ አንድ ቀን ወሰዱና በዚያ ጉዞ ውስጥ ካንሰሩን እንደ እንግዳ ፊት ለፊት አስቀምጠው ጥያቄ እንደጠየቁት ተናገሩ። ማዕከሉን አልተዉም። በስማቸው ለወደፊት አንድ ፕሮፌሰር የሚቀጠርበት ቋሚ ፈንድ አቋቋሙ፤ ገንዘብ ሲያሰባስቡ ሐኪሞቹ የሰጧቸው ጊዜ እየተቆጠረ ነበር። ኦክቶበር 16 ቀን 2023 በባልቲሞር ቤታቸው ዐረፉ፤ 77 ዓመታቸው ነበር።

በመጨረሻ ወደ ቅርባችን እንመለስ። ሮክቪል ከእኛ ጋር በአንድ ካውንቲ ያለች ጎረቤት ናት። በዚያ ባለው የአኩዊሊኖ የካንሰር ማዕከል ውስጥ ዶክተር ማኒሽ አግራዋል የሚባሉ የካንሰር ሐኪም ይሠሩ ነበር። ለዕጢው ኬሞ ያዝዛሉ፤ ሕመምተኛው «ልጆቼን ለማን ልተው?» ሲላቸው ግን ለዚያ የሚያዝዙት አልነበራቸውም። ይህ ክፍተት አላስተኛ ብሏቸው ከቢል ሪቻርድስ ጋር ተገናኙ፣ የሥነ ልቦና ሥልጠና ወሰዱ፣ ከካንሰር ማከሚያው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማዕከል ከፈቱ። ማዕከሉ በሪቻርድስ ስም ይጠራል።

በዚያ ባካሄዱት ጥናት 30 በድባቴ የተያዙ የካንሰር ሕመምተኞች ተካፍለዋል። ከሌላው የሚለየው አሠራሩ ነው። ሕመምተኞቹ ሦስትና አራት ሆነው በቡድን ተዘጋጁ። በአንድ ቀን፣ በተቀራረቡ ክፍሎች፣ እያንዳንዳቸው ከየራሳቸው ቴራፒስት ጋር፣ 25 ሚሊግራም ሲሎሳይቢን ወሰዱ። ከዚያ እንደገና አንድ ላይ ተሰበሰቡ። ከስምንት ሳምንት በኋላ ግማሹ ከድባቴው ነጻ ነበሩ። አግራዋልን ሌሊት የሚያንገላታቸው ጥያቄ አልጠፋም፤ ሕመምተኞቹ ካንሰሩ አለባቸው፣ ልጆቻቸውም አሉ። አሁን ግን ጥያቄውን የሚያስቀምጡበት ክፍል አለ።

ሪቻርድስ በ1963 ከጎቲንገኑ ምድር ቤት ብቻቸውን ወጥተው ነበር። ሮክቪል ውስጥ አራት ሰዎች ወንበራቸውን ክብ አድርገው ተቀምጠዋል፤ አንደኛዋ መናገር ስትጀምር ሌሎቹ ሦስቱ ዝም ብለው ይሰሟታል።